ለወንድሜ ጓሮ የተመረጡ ዛፎች

ታኅሣሥ 20፣ ቅዳሜ

ጋሼ ዛሬ ጠዋት ጭነቱን አስጭኖ ሄደ። ታላቅ ወንድሜ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ቤታችን የሚያድረው እንደ እንግዳ ነው፣ ፎጣ እንኳ እየጠየቀ ነው የሚታጠበው። ሞተሩን አስነስቶ መስኮቱን ዝቅ አደረገና «ስማ፣ ጓሮውን አደራ» አለኝ።

«ጓሮው ምን ሆነ? ሊጠፋ ነው?»

«አትቀልድ። እስክመለስ ከእሷ ጋር እየሄዳችሁ ችግኝ ምረጡ። እምቡጡ ሳይፈነዳ መተከል አለበት። ኮክ ይሁን። ኮክ ብቻ።»

«እሷስ ኮክ ትወዳለች?»

«ኮክ የማይወድ ማን አለ?» ብሎ ማርሹን አስገባ።

እሷ ማለት እጮኛው ናት። ሚያዝያ ላይ ይጋባሉ። አዲሱ ቤት ጣሪያውም በሩም አልቋል፣ የቀረው ጓሮው ነው፤ ጠጠርና ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ብቻ። ልብስ ሰፊ ናት። መለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ አታወርድም፤ ስለዚህ እኔ ዘንድ ስሟ እመት ሜትር ነው። እሷ ደግሞ እኔን «አንተ ጉድ» ነው የምትለኝ። ተስማምተናል።

እማዬ «እሱን ነው የምትልከው? ዛፍ ሳይሆን የመብራት እንጨት ተክሎ ይጠብቅሃል» አለችው። ጋሼ ግን «ከሱ ሌላ ማንን አምናለሁ?» አለ። ሰው ሲያምነኝ ደስ አይለኝም። ሥራ ያበዛብኛል።

ታኅሣሥ 27፣ ቅዳሜ

ችግኝ ጣቢያው ከተማው ጫፍ፣ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ እመት ሜትር እግሬን ስትረግጠኝ ሄድን። (ሆን ብላ ነው። እኔም ሆን ብዬ ነው እግሬን ያላነሳሁት።)

ባለቤቱ የመቁረጫ መቀስ ከእጁ የማይለይ ሽማግሌ ነው። ሲያወራ እንኳ አየሩን ቀጭ ቀጭ ያደርጋል። አባባ መቀስ ብዬዋለሁ። ገና ከበሩ ስንገባ አየንና «ሙሽሮች ናችሁ አይደል?» አለ። «የሙሽራ አገባብ አይጠፋኝም። አንዱ ዛፍ ያያል፣ አንዱ ዛፍ የሚያየውን ያያል።»

እመት ሜትር አፏን ከፈተች። ቀደምኳት።

«አዎ አባባ። እሷ ግን ገና እየለካችኝ ነው። ካልሆንኳት ትመልሰኛለች።»

ክንዴን ቆነጠጠችኝ። አሁን ታርመዋለች ብዬ ስጠብቅ ምን ብትል ጥሩ ነው፦ «ትንሽ ይጠበኛል አባባ። ግን ይሰፋል ብለውኛል።»

ሽማግሌው በሳቅ መቀሱን ሊጥለው ነበር። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመው! ኮክ ችኩል ነው አለን፤ በሁለት ሦስት ዓመት ያፈራል፣ ለብቻው ቢተከልም ግድ የለውም። ፒር ግን ታስጠብቃለች፣ ብቻዋን ደግሞ አታፈራም። ከጎኗ ሌላ ዓይነት ፒር፣ ያውም በአንድ ሳምንት አብራት የምታብብ፣ መኖር አለባት። አንዷ ቀድማ አብባ ከረገፈች፣ ሌላዋ ብትከተል ምንም አይረባም።

«ሰዓት ነው ነገሩ» አለ። «ፒርን የሚያበላሸው ሰዓት ነው።»

እመት ሜትር የፒሮቹን ግንድ ትነካ ነበር።

ሙሽራ የሚለውን በሚመጣው ሳምንት እናርመዋለን። ቀልድ ነው።

ጥር 1

ጎማ በዝቷል። ጎሚስታ ቤቱ በር ላይ ሦስት ሚኒባስ ተሰልፏል። አለቃዬን «ኮክ ይሻላል ፒር?» አልኩት። «ሁለቱም ቀርቶብህ ያንን ጎማ ንፋልኝ» አለ። ያልተማረ ሰው! እኔ እንኳ ዘጠነኛ ክፍልን ሁለቴ ጀምሬያለሁ። መጨረስ የሰነፍ ነው።

ጥር 4፣ ቅዳሜ

ዛሬ ጓሮውን ለካን። እሷ ሜትሩን ትስባለች፣ እኔ ጫፉን ይዤ እቆማለሁ። አንዴ ጫፉን ይዤ አራት እርምጃ ወደኋላ ሸሸሁባትና ጓሮው ከቤቱ በለጠ። «ወይ ጉድ፣ ሰፍቷል!» ብላ ጻፈችው። ቀና ስትል አየችኝ፣ ጠጠር ወረወረችብኝ።

ከዚያ ወጥ ቤቱ መስኮት ፊት ቆማ «እዚህ ጋ ፒር» አለች።

«ጋሼ ኮክ ብቻ ብሏል።»

ጠጠሩ ላይ ተቀመጠች። ልጅ ሳለች የተከራዩበት ግቢ ውስጥ የአከራይዋ የፒር ዛፍ ነበር፤ ቅርንጫፉ በነሱ በር በኩል ያልፋል፤ መንካት ክልክል ነው። የወደቀውን ብቻ ነው የሚበሉት፤ እሱም የተሰነጠቀ፣ ጉንዳን የቀመሰው። «አንድ ቀን» አለችኝ፣ «ያልወደቀ ፒር በእጄ መቅጠፍ እፈልጋለሁ። ይኸው ነው። ያስቃል?»

አያስቅም አልኳት። ከዚያ የሚያስቅ ነገር ፈልጌ አጣሁ፤ እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

«ጋሼ ይሄን ያውቃል?»

«ነግሬዋለሁ። መሪ ይዞ ነበር።»

ጥር 7

ጋሼ ደወለ። ከጀርባው የመኪና ጡሩምባ። «ኮኩ እንዴት ሆነ?»

«እሷ ፒር ነው የምትፈልገው።»

«ፒር እኮ እስኪያፈራ እኔ ጡረታ እወጣለሁ! የምኖረው አስፋልት ላይ ነው ወንድሜ። ቤቴ ስገባ ቶሎ የሚደርስልኝ ነገር ልትከል። አንተ አሳምናት። አንተን ትሰማለች።»

አንተን ትሰማለች አለ። እሺ አልኩት። ጎማህን ቼክ አድርግ አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

ጥር 11፣ ቅዳሜ

ዛሬ አባባ መቀስ ፊት ተጣላን። የውሸት ነው፤ ግን ምን ዓይነት ጠብ! እኔ ቢጫ ሥጋ ያለውን ኮክ ስል እሷ ነጩን። እሷ ፍሬው በቀላሉ ከሥጋው የሚላቀቀውን ስትል እኔ የማይላቀቀውን።

«የማይላቀቅስ አንድ ቤቴ አለልኝ» አለች ወደ እኔ እያሳየች። «ጠዋት ስነሳ አለ፣ ማታ ስገባ አለ።»

«ሰሙ አባባ? ያገባችኝ እንደምሄድላት አስባ ነው።»

«ያገባሁትማ ዛፍ ይተክላል ተብዬ ነው። ጥላውን ብቻ ነው ያየሁት።»

ሽማግሌው ከሳቁ የተነሳ ተቀመጠ። «ተዉ፣ ተዉ፣ እንዲህ ተጣልቶ የተከለ ሰው ዛፉ አይደርቅበትም» አለን። ከዚያ የተዳቀለ ችግኝ እንዴት እንደሚተከል አሳየን፤ የላይኛው ዛፍ ከታችኛው ግንድ ጋር የተጣበቀበት እብጠት አለ፣ እሱ ከአፈር በላይ መቅረት አለበት። ከተቀበረ የታችኛው ያሸንፍና የመረጥከው ሳይሆን ያልመረጥከው ይበቅላል።

አውቶቡስ ውስጥ እመት ሜትር ሳቁ እስኪያንቃት ሳቀች። ስትረጋጋ «ለአባባ እውነቱን መቼ ነው የምንነግራቸው?» አለች።

«ችግኙን የወሰድን ቀን።»

«እሺ» አለች። ቶሎ ነው እሺ ያለችው።

ዛሬ ጠዋት ጢሜን ተላጭቼ ስገባ አለቃዬ «ቅዳሜ ሲደርስ ፊት ታወጣለህ ልበል?» ብሎኝ ነበር። አላጋጭ። ሰው ፊቱን መቼ ይላጭ ታዲያ?

ጥር 14

ጋሼ «ሐሙስ እንደምደውል ንገራት» ብሎኝ ልብስ ስፌት ቤቷ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። አብራት የምትሠራው ሴትዮ «ያ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚወስድሽ ልጅ ነገረ ሥራው አላማረኝም» ስትል ሰማሁ።

እመት ሜትር «እሱማ ልጅ ነው» አለች። ከዚያ ማሽኑን ረገጠችው።

መልእክቱን ሳላደርስ ተመለስኩ።

በዓመት እኮ እበልጣታለሁ።

ጥር 18፣ ቅዳሜ

ጉም ነበር። ዛፎቹ ከወገባቸው በላይ አይታዩም። አባባ መቀስ ደንበኛ መጥቶበት ፒር የሚያስቀምጥበት ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ ሳጥን ላይ አስቀምጦን ሄደ። ዘግይታ የምትደርሰዋ ፒር፣ ቡናማዋ፣ ዛፍ ላይ አትበስልም፤ ጠንካራ ሳለች ተለቅማ ጨለማ ውስጥ ትቆያለች። አንገቷን በአውራ ጣት ስትጫናት ለስለስ ካለች ደርሳለች ማለት ነው። ከውጭ ምንም አታስታውቅም።

እመት ሜትር አንድ በአንድ አንገታቸውን ስትጫን ቆየችና አንዷን ገምሳ ግማሹን ሰጠችኝ። አገጬ ላይ ፈሰሰ። በመሐረቧ ልትጠርግልኝ እጇን ዘረጋችና መሐረቡን ሰጥታኝ መለሰችው።

«አንተ ግን» አለች፣ «የምርህን የምታወራው ምን ቀን ነው?»

«ቅዳሜ ሥራ ይበዛብኛል። ማክሰኞ ሞክሪኝ።»

አልሳቀችም። «ማክሰኞ» አለች፣ ደንበኛ ለልክ እንደምትቀጥር ሁሉ።

ስንወጣ ሽማግሌው «ሚስትህን ብርድ አስመታሃት» ብሎ ተቆጣኝ። ኮቴን አውልቄ ሰጠኋት። ሚስትህን ብሎ ስለተቆጣኝ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ቀልድ ነው።

ጥር 21፣ ማክሰኞ

መጣች።

በምሳ ሰዓት፣ እኔ የውስጥ ጎማ ገንዳ ውስጥ ነክሬ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ ስፈልግ። አለቃዬ አለ፣ ሁለት ሹፌሮች አሉ። ሜትሩ አንገቷ ላይ የለም። እንዲህ አይቻት አላውቅም፣ ሌላ ሰው መሰለችኝ።

«ማክሰኞ ነው» አለች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እጄ እስከ ክንዴ ውኃ ውስጥ ነው። አፌን ከፈትኩ፤ እንደ ሰው የሚያናግር ቃል ይወጣል ብዬ ነው፤ የወጣው ይህ ነው፦ «እመቤት፣ የትኛው ጎማሽ ነው የተነፈሰው?»

ሹፌሮቹ ተንከተከቱ። አለቃዬም። እሷም ሳቀች፣ ትንሽ፣ ከነሱ ጋር እኩል እንድትሆን ያህል። «ይቅር፣ ሌላ ቦታ አስነፋለሁ» ብላ ሄደች።

ተከትዬ መሮጥ ነበረብኝ። እጄ ርጥብ ነበር። ይሄም ምክንያት ሆነና!

ደግሞስ ደርሼባት ምን ልላት ነበር? ምንም። ምንም የሚባል ነገር የለም። አባታችን ሲሞት ጋሼ ትምህርቱን አቋርጦ ረዳት ሆኖ መኪና ላይ ወጣ። በመጀመሪያ ደሞዙ የገዛው ጫማ የእኔን ነው፤ እሱ በጎማ ሸበጥ ነው የዞረው። እኔ ዘጠነኛ ክፍልን ለሁለተኛ ጊዜ ስጥል እንኳ አልጮኸብኝም፣ «ሥራ እንፈልግልሃለን» ብቻ አለ። የዚያ ሰው እጮኛ ናት። ሚያዝያ ላይ ይጋባሉ። ይሄን ለመጻፍ ማን አስገደደኝ?

ብቻ ሜትሩን ባታወልቀው ኖሮ።

ጥር 23

ደወልኩላት። አላነሳችም። ጋሼ ደወለልኝ። እኔም አላነሳሁም።

እማዬ ለአክስቴ በስልክ «ይሄ ልጅ ሰሞኑን ማንንም አልሸወደም፤ ሐኪም ጋ ልውሰደው ይሆን?» ስትል ሰማሁ። ጨዋታ ልፈጥርላት ብዬ ጨው ዕቃው ውስጥ ስኳር ጨመርኩ። ቀምሳ ዕቃውን መልሳ ከደነችው። እንዲህ ስታዝንልኝ ነው የባሰው።

ጥር 25፣ ቅዳሜ

አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሁለት አውቶቡስ አሳለፍኩ። አልመጣችም። ብቻዬን ሄድኩ።

አባባ መቀስ ከኋላዬ ሰው ፈለገ። «ተጣላችሁ?»

«አዎ አባባ።»

«ጥፋቱ የማን ነው?»

«የእኔ።»

መቀሱን ኪሱ ከተተ። ኪስ እንዳለው አላውቅም ነበር። «ታዲያ እዚህ ምን ታደርጋለህ? ሂድና ይቅርታ በላት። የአንተ ዓይነቱ አፍ ይቅርታ ሲል ሴት ታምናለች፣ ስለማይለመድ።»

እውነቱን ልነግረው ነበር። በእውነት። ግን ምድር ላይ እኔን ባሏ ነው ብሎ የሚያስብ አንድ ሰው እሱ ብቻ ነው። እሱንም ላጣው?

የፒሮቹ እምቡጥ ማበጥ ጀምሯል።

የካቲት 1

ጋሼ ገባ። ከስቷል። አቅፎ ከመሬት አነሳኝ፣ አሁንም ይችላል። «ነገ ሦስታችንም ሄደን እናመጣዋለን» አለ። «ደስ አላለህም እንዴ?» ደስ ብሎኛል አልኩት።

የካቲት 2፣ ቅዳሜ

ሦስታችን በጋሼ መኪና ጋቢና ውስጥ። እሷ መሐል። መንገዱን ሙሉ የመስታወቱን መጥረጊያ ስታይ ሄደች፤ ዝናብ የለም፣ መጥረጊያው አይሠራም።

አባባ መቀስ ሲያየን ፊቱ በራ። «ታረቃችሁ! ተመስገን!» ከዚያ ጋሼን ከላይ እስከ ታች አየው። «ይሄ ደግሞ ታላቅ ወንድምህ መሆን አለበት፤ አፍንጫ አንድ ነው። ስማ ልጄ» አለው ጋሼን፣ «ወንድምህ ዕድለኛ ነው። እንዲህ የምትስቅለት ሚስት ያገኘ ሰው ብዙ አላየሁም።»

ጋሼ እሱን አየ። እሷን አየ። እኔን አየ። እኔ መሬቱን።

ከዚያ ሳቀ። መኪናው ላይ ተደግፎ፣ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «አባባ! ሙሽራው እኮ እኔ ነኝ! ይሄ ጉድ ነው የሸወደዎት! ወር ሙሉ? ወር ሙሉ ሸወድካቸው?» ጀርባዬን መታኝ፤ የፍቅር ነው። «እኛ ቤት ቴሌቪዥን የለም፣ ይሄ ልጅ እኮ ነው ቴሌቪዥናችን አባባ!»

በቡጢ ቢለኝ በተሻለኝ። ቢመታኝ ነገሩ ነገር ነበር ማለት ነው።

ሽማግሌው አልሳቀም። መቀሱ ቆመ። እሷን አየ፣ ቀጥሎ እኔን፣ ከዚያ «አሃ» አለ። ብቻ። «እንግዲህ ምን ልስጣችሁ?»

«ኮክ» አለ ጋሼ።

«ፒር» አልኩ እኔ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። «ቀይ ጉንጭ ያላትንና ቡናማዋን። በአንድ ሳምንት ነው የሚያብቡት፣ አንዷ ያለ ሌላዋ አታፈራም። አንዷ ወጥ ቤቱ መስኮት ፊት ትሁን። እጮኛህ ልጅ ሆና የሰው ዛፍ ሥር የወደቀ ነው ስትለቅም ያደገችው። ያልወደቀ መቅጠፍ ነው የምትፈልገው።»

ጋሼ ወደ እሷ ዞረ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ነበር» አለች። «መሪ ይዘህ ነበር።»

ጋሼ የባርኔጣውን ጫፍ ሲያሽከረክር ቆየ። እሱ ሲያፍር እንዲህ ነው። «ፒር ይሁን» አለ። «ለእኔ አንድ ኮክ ጣል አድርጉልኝ፣ የሚላቀቀውን። መንገድ ላይ እየነዳሁ የምበላው።»

እሷ ያየችው ግን እኔን ነበር። እንዴት አድርጋ እንዳየችኝ አልጽፍም።

ስንመለስ ጋሼ «እኔ ሳልኖር ችግኙን ማን ያጠጣል? አንተ አዲሱ ቤት የኋላ ክፍል ውስጥ ግባና አብረሃት...» ማለት ሲጀምር፣ «አያስፈልግም» አለች። ቶሎ ነው ያለችው። «እኔ አጠጣለሁ። እሱ ቤቱ ይሁን።»

ልክ ናት።

የካቲት 3፣ እሑድ

ጠዋት ተከልን። ጉድጓዱን እኔና ጋሼ ቆፈርን፣ ልኩን እሷ ሰጠች። ኮኩ በሩ አጠገብ ገባ፤ ጋሼ ሲተክለው ሕፃን እንደሚያስተኛ ነው። ቀይ ጉንጯ ፒር አጥሩ ጋ ገባች። የመጨረሻዋ፣ ቡናማዋ፣ የመስኮቷ ናት።

ጋሼ ውኃ ሊያመጣ ወደ ቧንቧው ሄደ። እሷ ችግኟን ቀጥ አድርጋ ያዘች፤ እብጠቷ ከአፈር በላይ እንድትቀር በእጇ ከልላለች። እኔ ተንበርክኬ አፈር እመልሳለሁ። ቀዝቃዛው ቤት ከነበርንበት ቀን ወዲህ እንዲህ ተጠጋግተን አናውቅም።

ተናገርኩ። ቀና ሳልል፣ አፈር እየገፋሁ ነው የተናገርኩት።

«ሽማግሌው ፊት ያልኩት ሁሉ ቀልድ አልነበረም። አንዱም። ሚስትህ ሲሉኝ ቅዳሜ እስኪደርስ ስድስቱን ቀን ያቺን ቃል ይዤ ነበር የምኖረው። ማክሰኞም ስትመጪ ልነግርሽ የነበረው ይሄንኑ ነው። እወድሻለሁ።»

ቀና አልኩ። እያየችኝ ነው። የከንፈሯ ዳር፣ ሁልጊዜ ሳስቃት ቀድሞ የሚነቃው ቦታ፣ ተዘጋጅቶ ቆሟል።

«እሺ» አለች። «ከዚያስ?»

ከዚያስ አለች። የቀልዱን መጨረሻ እየጠበቀች ነው። ካወቀችኝ ጀምሮ ያስተማርኳት ይሄንን ነው፤ መጨረሻው እንደሚመጣ። የጋሼ ቦት ጫማ ጠጠሩ ላይ ተሰማ፣ የባልዲው እጀታም ሲጮህ።

«ከዚያማ» አልኩ፣ «ለሙሽራ ቅናሽ አለ ሲሉ ሰምቼ ነው። ሽማግሌው አምስት ሳንቲም አልቀነሰልንም።»

ሳቀች። ዘግይታ። ባልዲው አጠገባችን ሊደርስ ሲል ነው የሳቀችው፤ ድምፁ የሷ ነው፣ ዓይኗ ግን አብሮ አልነበረም።

«ምን አስቃችሁ?» አለ ጋሼ።

«ወንድምህ ነዋ» አለች።

ውኃውን አፈሰሰ። አፈሩ ጠጣ፣ እኔ ጨመርኩበት፣ ዙሪያውን በእግሬ ጠቀጠቅኩ፣ ጨረስኩ። ጋሼ እጁን አራግፎ ጥቂት ጠበቀ።

«ልቀቂው እንጂ» አላት፣ «ቆሟል እኮ።»

እጇን አየችው። ከዚያ ለቀቀች።